ሙሉ ኦክ

የሪጋው ባለሱቅ ዛኒስ ሲያይ ክንዴን
"ትልቁን ተውና ያዝ" አለኝ "ጠባቡን፤
ከባዱ ማሽንማ ይነዳል ጌታውን።
የቀስቱን አቅጣጫ ከቀበቶው ሆድ እይ፣
ቆመህ ከቆየህማ ጉድጓድ ነው የምታይ።"

የአክስቴ ኦቲሊያ፣ ስለ ጠረጴዛዋ፣
"ሙሉ ኦክ ነው" ነበር ዘወትር ወሬዋ፤
ትኩስ ሻይ ላኖረ ፊቷ እየጠቆረ
በጨርቅ ተሸፍኖ ሠላሳ ዓመት ኖረ።

ወረስኩት። ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ አቁሜ
ሰማንያ ቁጥሩን ጫንኩት ደጋግሜ፤
እስከ አራት ሳልቆጥር ወርቃማው ቆዳ አልቆ
ቺፑድ ብቅ አለብኝ፣ ሙጫውን ታጥቆ።

ታውቅ ነበር ይሆን? ወይስ ሻጭ ሸወዳት?
ያንን ጨርቅ ፈልጌ እኔም አለበስኩት።

ዛኒስ እሁድ መጥቶ "ኦክ ነው እንዴ?" ቢለኝ፣
"ሙሉ ኦክ!" የሚል ድምፅ፣ ያክስቴ፣ አመለጠኝ።