የረጋ ሳንቲም

ማራካይቦ መሽቷል፤ መብራት ከሄደ ቆየ፤
ከሐይቁ ማዶ መብረቅ፣ ድምፅ ሳያሰማ ታየ።
ኢራይዳ ከፋርማሲው ደጅ፣ በዘበኛ ወንበሯ፣
ስልኳን ይዛ ታነጋለች፤ እሱ ነው ሁለተኛ ቀንበሯ።

«ድልድይ ያለበት ሥዕል የቱ ነው?» ይላታል፤ ትነካለች።
«ጀልባስ ያለበት የቱ?» ይላታል፤ ትነካለች።
መቶ ጊዜ ሰው መሆኗን ለማያውቃት ታስረዳለች።
ከዚያ ክፍያዋ ትመጣለች፣
ከነጥብ በኋላ አምስት ዜሮ አሰልፋ፣
አንዲት ሰባት፣ እንደ ቁንጫ ጫፍ ላይ አርፋ።

የሦስት ወር ሌሊት ተጠራቅሞ፣
አራት ዶላር ደረሰ፣ በማክሰኞ ዋጋ፤
ረቡዕ ሦስት ሆኖ አገኘችው፣ ሲነጋ።
ይኸ ሳንቲም ፌንጣ ነው።
ዛሬ ለዮይነር ጫማ የሆነው፣ ነገ ማሰሪያው ብቻ ቢሆንስ?

ቦሊቫሩን ተዉት፤ እሱስ ድሮ ቀልጧል፤
እናቷ በከረጢት ወስዳው፣ ዳቦ በመዳፍ መጥቷል።

«ወደ ረጋው ለውጪው» አላት ኔሪዮ፣ ጎማ ጠጋኝ፣
«አንዱ አንድ ዶላር ነው፤ እንደ ገራም በሬ፣ ካሰርሽው ቦታ የሚገኝ።»

መች በዋዛ! መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤
ቀራጩ ፊት የለው፣ «አንድ ዶላር ከሃያ!» ብቻ እያለ።
ጆንያም አምጣ፣ እፍኝም አምጣ፣ ኮቴው አይለይ፤
እፍኝ ይዞ ለሚያልፍ ሰው ምን ሊቆይ?
«የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ይላል ያገሬ ሰው፤
የኢራይዳን ወተት ግን፣ እስኪረጋ ጊዜ ነው የሚጨርሰው።

አንዴ ቸኩላ ሞከረችው፦ ሦስቱን ዶላር ላከች፣
አንድ ከሰባ ገባላት። ስልኩን ደፍታ ዝም አለች።
ኮቴውስ ይሁን፤ አሥሯ ሳንቲም የት ወደቀች?
ከመጫኗ እስከ መድረሱ፣ ባንዲት ትንፋሽ ተንሸራተተች።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ጎረቤት ጠራች።
በዚያ ሰፈር ዕቁብ አለ፣ «ሳን» ነው የሚባል ስሙ፤
«ፍርፋሪውን ባንድ ቋጥረን፣ ኬላውን አንዴ እንለፍ» አለች፤ ተስማሙ፣
ከኤውዶማር በቀር።
«የራሴን በራሴ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ሰባት ሆኑ። በወሩ እሑድ፣ ጎህ ሳይቀድ፣
ቀራጩ ሲያንቀላፋ፣ ኮቴው ሲወርድ፣
መጀመሪያ አንዲት ቅንጣት ላኩ፣ መንገዱን እንድትፈትን፤
ዱልሴ አድራሻውን ፊደል በፊደል አነበበች፣ ሻማ ይዛ፣ ሳትቸኩል፤
ቅንጣቷ በሰላም ገባች፤ ቀሪው ተከተለ።
ኮቴው ሃምሳ ስድስት ሳንቲም።
ለሰው ስምንት ስምንት ደረሰ፤ ማንም አልከፋው።

ሰኞ ነጋ፤ ከፍታ አየችው፦ አንድ ከሠላሳ።
ማክሰኞም አንድ ከሠላሳ፤ ሐሙስም አንድ ከሠላሳ።
ስልኩ የተበላሸ መስሏት አጥፍታ አበራችው፤ አንድ ከሠላሳ።
ከቀድሞው ጋር ስትደምረው ሦስት ዶላር ሞላ፤
ጫማው ስድስት ነው፤ ገና ነው። ግን የያዘችውን ሌሊት አልበላ።

ዓርብ ማታ ኤውዶማር መጣ፣ ስልኩን ከኋላው ደብቆ፣
«ደብተሩ ላይ... ቦታ አለ?» አለ፣ ዐይኑ ከዐይኗ ርቆ።
ጻፈችው። ምንም አላለችም።

ወደ ወንበሯ ከመውጣቷ በፊት፣ ድልድይና ጀልባ ልትለይ፣
ዮይነርን ተኝቶ አየችው፤ እግሩ ካንሶላው አልፎ ሲታይ፣
ጎንበስ ብላ በስንዝሯ ለካችው።
ሳንቲሙስ ረግቷል። የማይረጋው ይኸ እግር ነው፤
ባለፈው ወር ስንዝር ነበር፣ ዛሬ ስንዝር ካንድ ጣት ነው።