የብረት ሜትር

ናፍጣው ሞተር ሳለ፣ ሌቱን ሲያጓራ፣
ዴልበርት አልጋው ላይ ከዕዳው ሲያወራ፣
የውሃን ዋጋ በጆሮው ያውቃል፤
ድምፁ ሲረዝም ኪሱ ያጥራል።

ዘንድሮ፣ ከጋርደን ሲቲ ምዕራብ፣ ከጎተራው ጀርባ፣
መቶ ስልሳ ሶላር ተተከለለት፤ እንደ ሱፍ አበባ
ፊቱን ከፀሐይ ጋር ያዞራል።
ፓምፑ ድምፅ ሳያሰማ ይምጋል፣ ይተፋል፤
በቆሎው ይጠጣል።
«የካንሳስ ፀሐይ ሒሳብ አትልክም!» አለ ለጎረቤት፤
ዶፍ በጣለ ማግስትም አላጠፋው፤ ምን ሊከፍልበት?

ማርሊስ ግን፣ ልጁ፣ ሰኞ ሰኞ ማለዳ
የብረቱን ሜትር ሰማያዊ ጠመኔ ቀብታ
ወደ ጉድጓዱ ትለቃለች፤
የረጠበበትን መስመር ታነባለች፣
በአሮጌ የናፍጣ ደረሰኝ ጀርባ ትጽፋለች፦
መቶ አርባ ሁለት ጫማ።
መቶ አርባ አምስት።
መቶ ሃምሳ።

ግንበኛው ውሃ ልክ ይላል፤ የውሃን ልክ ማን ጠየቀው?
ነፃ ያሉት ነገር ከሥሩ ነው የሚያልቀው።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣
ማብሪያውን ቁልቁል ሳበችው።
የሚረጨው ክንድ ተንጠባጥቦ ዝም አለ።
ዴልበርት ባርኔጣውን እንደጨበጠ ደረሰ፤
«ይህን ሁሉ ብርሃን ታባክኚዋለሽ? ምን ነካሽ?»
አልመለሰችለትም። ሜትሩን አቀበለችው።
ሊያነብ መነጽሩን ዳበሰ፤ ኪሱ ውስጥ የለም፤
ጠመኔው አውራ ጣቱን ሰማያዊ አደረገው።

ከዚያ፣ እንደ ሞተሩ ዘመን፣ ጆሮውን አቀና።
በቧንቧው ሆድ የቀረው ውሃ
ወደ መጣበት ሲወርድ፣ ሲወርድ፣
ሲወርድ ሰማ፤
ገና አልደረሰም።