ሦስተኛው እግር

ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ሰኔ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ በዝናቡ፣
ስምንት ሰዎች ሆነን አንዲት ነጭ ሰሌዳ ስናይ ተከብቡ፣
ለጤና ጣቢያው ካርድ አዲስ ሶፍትዌር ልንሠራ
ምሳ ሰዓት አለፈን፣ ምኞት ስንደረድር ተራ በተራ።

“ፍጥነት ይቅደም” አለ ነጂብ፣ ጠረጴዛ በጣቱ እየመታ፤
“ደኅንነት ነው” አለች ኢፍቱ፣ “የሰው ገመና ነው፤ ቁልፉ አይላላ ላፍታ።”
አቶ ልኬለህ በጀቱን አቅፎ “ርካሽ ይሁን” እያለ ሳለ፣
“ነገም ለመቀየር ይመች” የሚል ድምፅ ከጥግ ተከተለ።
“መልኩም ይመር!” “ሺህ ሰውም ይቻል!” “ሳይቋረጥ ይዋል ይደር!”
እኔ ጸሐፊ ብቻ ነበርኩ፤ እጄ አላረፈም ከመደርደር።
አሥራ አንድ ጥራት ተጻፈ፤ ከሁሉም ጎን አንድ ቃል፦
“አንደኛ”፣ “አንደኛ”፣ “አንደኛ”። ታዲያ ማን ማንን ይከተል?

ሲስተር ሰፊያ ዝም ብላ ነበር።
ጃንጥላዋ ከበሩ ሥር ኩሬ ሠርቷል።
“ሶፍትዌር አላውቅም” አለች፤ “ሌሊቱን ግን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፤ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፤
ከሰቃ በቃሬዛ የመጣች ወላድ፣ ስሟን እንኳ አትናገርም።
የደሟን ዓይነት እፈልጋለሁ። እሱን ብቻ። ያኔውኑ።
ማማሩ ይቅርብኝ፤ ሪፖርቱም ይቆይ፣ ይደርሳል በቀኑ።
ደግሞ” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አንድ ሕመምተኛ አለኝ፤
ጎረቤቱ ካርድ ክፍል ነው፤ ምስጢሩን እንዳያይበት ለመነኝ።”

ጸጥ አልን። ዝናቡ ብቻ።
“በጨለማ ይከፈት” እና “ለጎረቤት ይዘጋ”፤
አንድ በር፣ ሁለት ትእዛዝ። ማን ይታመን በአደጋ?

ዳስተሩን አነሣሁ። “ልሰርዝ አይደለም፣ ላሰልፍ ነው፤
ሌሊት ሰባት ሰዓት የማይጠይቀው ሁሉ፣ ተራው ከኋላ ነው።”
መልክ ወረደ። ሺው ሰውም ወረደ፤ በቀን መቶ ሰው አይሞላን።
አቶ ልኬለህ ብቻ አጉተመተመ፦ “ርካሹንማ አትንኩብን።”
ነጂብ ፍጥነትን አልለቅም ብሎ ቆየ፣ እንደ ልጁ ታቅፎት፣
በመጨረሻ “የደም ዓይነቱ ብቻ ይፍጠን” አለ፣ ትንሽ ከፍቶት።

ማታ በመርካቶ ሳልፍ አባ ፊጣ ደጁ ላይ ተቀምጦ
በርጩማ ይፈለፍላል፣ አንዱን የዋንዛ ግንድ መርጦ፤
ምስማር የለ፣ ማስቲሽ የለ።
“ለምን ሦስት እግር?” አልኩት። አንገቱን እንኳ ሳያቀና፣
“አራተኛው ይዋሻል” አለኝ፤ “የኛ ወለል መቼ ቀና!
ሦስቱ መሬት ይይዛሉ፤ አንዱ ግን አየር ላይ ቀርቶ
ተቀማጩን ሲያንገጫግጭ ይኖራል፣ ‘እኔም አለሁ’ ብሎ ኮርቶ።”

ሁለቱን እግር አቁመናል፦
ያለ መብራት መሥራትን፣ ገመና መጠበቅን።
ሦስተኛው ላይ ኢፍቱና ነጂብ እስካሁን ስልክ ላይ ናቸው፤ እኔንም ነሡኝ እንቅልፌን።
የቀሩት ዘጠኝ ምኞቶች ኪሴ ውስጥ ናቸው፤ ወረቀቱ ርሷል፣
“አንደኛ” የሚለው ቀለም ከላዩ ላይ ፈስሷል።
ነገ ሁለት ተኩል እንገናኛለን።
በሁለት እግር ማን ይቀመጣል?