ሠላሳ ሁለት ቁልፍ

ሠላሳ ሁለት ነበሩ፣ ወገቤ ላይ የታሰሩ፣
ስራመድ ከእኔ ቀድመው መምጣቴን የሚናገሩ፤
ኮሪደር ላይ የሚሮጥ ልጅ ድምፃቸውን ሲሰማ
በእርምጃ ይሄዳል፣ ጨዋ መስሎ፣ በዝግታ።
ሳስካቱን፣ ከወንዙ ማዶ፣ ባለ ቀይ ጡቡ ትምህርት ቤት፣
ሥራዬ ማታ መዝጋት ነው፤ መክፈት ደግሞ ጠዋት።

ከሁሉም አንዷ ትንሽ ነች፣ እንደ ጥፍር የሳሳች፤
ምልክት አላሰርኩባትም፣ ከመሀላቸው የጠፋች።
የጽሕፈት ቤቱ ቁምሳጥን፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣
እስኪርቢቶ የሚመስሉት የመርፌዎቹ ማደሪያ።
በያንዳንዱ ላይ የልጅ ፎቶ ከነሳቁ ተለጥፏል፤
ከሥሩ "ለውዝ"፣ "ወተት"፣ "ሰሊጥ" ተብሎ ተጽፏል።
ማንም ልጅ እንዳይነካካው፣ ዕቃ እንዳይጠፋ ብዬ
እኔው ነኝ የቆለፍኩት፤ እኔው፣ በገዛ እጄ።

ባለፈው ኅዳር፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው።
ጆሜል፣ ሦስተኛ ክፍል፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
ከጓደኛው ብስኩት ላይ ጫፏን ብቻ ነጠቀ።
ሰሊጥ አለባት። ሰሊጥ! ዓይን የማትሞላ ፍሬ፣
ስንቴ ከወለሉ ላይ ጠርጌ የጣልኳት ጥሬ።
መጀመሪያ አሳለ፤ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ።
ከዚያ ከንፈሩ አበጠ፣ አንገቱ ሥር ቀላ፣
ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣ ቃል ከቃል ተጣላ፤
"ጉሮሮዬን" አለ አሉ፣ "አንድ ሰው ዘጋብኝ።"

እኔ ደጅ ነበርኩ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶ ስሰብር፤
ጸሐፊዋ ኮቫልቹክ ጥርስ ሐኪም ዘንድ፣ ቁልፏም ከእሷው ጋር።
ራዲዮኔ ጮኸ። ሮጥኩ። ሠላሳ ሁለቱም አብረው ሮጡ፤
ቁምሳጥኑ ፊት ስንደርስ ግን አንድ መልክ አመጡ።
ይህቺ? የጂም ናት። ይህቺ? የማሞቂያው ክፍል።
ይህቺስ? ጣቴ ደንዝዟል፤ ቁልፉ እንደ ዓሣ ይሾልካል፤
ከወዲያ የሚስ ዴሎርም ድምፅ ትንፋሹን ይቆጥራል።

አራት ደቂቃ ነው አሉ፣ በኋላ፣ ሰዓት ያዩት።
አራት።
እናቱ መስከረም ላይ ሦስት ገጽ ፈርማ
ያስረከበችን መርፌ
በአንድ ክንድ ርቀት፣ ከቆርቆሮ በር ጀርባ፣
አራት ደቂቃ ሙሉ ተኝታ።

ዴሎርም ያኔ ነው መመሪያውን ያነበበችው፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፦
"ሰማያዊው ወደ ሰማይ፣ ብርቱካናማው ወደ ጭን።"
ከነሱሪው ወጋችው።

ተረፈ።
አምቡላንሱ ወሰደው፤ ተረፈ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይሉናል፤ ይበሉን።
ጅቡ ነገም መንገዱን ያውቀዋል።
የዚያን ዕለት ማታ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣
አራት ብሎን ፈትቼ መቆለፊያውን ነቀልኩት።
ጠዋት ርዕሰ መምህሯ ቀዳዳውን አየች፣ እኔን አየች፣
"ቀለም ቀባው" አለችና ወደ ቢሮዋ ገባች።

ከዚያ ወዲህ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ፣
የምሳ ተቆጣጣሪዋ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር፣
ለአንድ ቀን የመጣ ምትክ መምህር ሳይቀር፣
መርፌ የሌለው መለማመጃ ጭናችን ላይ እንተክላለን።
ሰዓት ይያዝብናል። ሃምሳ ሰከንድ ደርሰናል።
"ገና ነው" ትላለች ዴሎርም፣ ሳትስቅ።

ጆሜል ሲመለስ፣ አዲሱ ጥርሱ ብቅ ብሎ፣
"የትኛዋ ነበረች?" አለኝ፣ ወገቤን አተኩሮ።
ፈትቼ ሰጠሁት። መዳፉ ላይ አገላበጣት፦
"ሰሊጥ እኮ ታክላለች።"
እሱ ሳቀ።

አሁን ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ጫጫታቸው ግን ያው ነው።
ማታ ማታ ስዞር በሩን ሁሉ እገፋለሁ፣
መዘጋቱን ላረጋግጥ።
ቁምሳጥኑ ጋ ስደርስ ግን በአንድ ጣት እስባለሁ፤
ከፈት ሲልልኝ፣
ቀስ ብዬ መልሼው፣ መብራት አጠፋለሁ።