«ኢ»

ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ፣ ሱቄ ሁለት ሳጥን ናት፤
አንዷን «ልቦለድ» ብያት፣
ሁለተኛዋን «ኢ-ልቦለድ»፣ በከሰል ጽፌባት።

ጠዋት ጠዋት እለያለሁ።
ያፈቀረ፣ በፍቅር የሞተውን ወደ ግራ እጥላለሁ።
ወደ ቀኝ፦ የዶሮ እርባታ መምሪያ፣ የስኳር በሽታ ምክር፣
የመንጃ ፈቃድ ፈተና፣
የአንድ ጡረተኛ ሻምበል ትዝታ፣ ደቻቱ ያራሰው ዳር ዳር።

በቀደም አንድ ተማሪ «‹ኢ› ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።
«‹አይደለም› ማለት ናት፣ የግዕዝ» አልኩት፤ ግን ከነከነኝ።
እንዴት ስም ይወጣለታል አንድ ነገር ባልሆነው ነገር?
ጎረቤቴን ዘይቱናን፣ ሳምቡሳ ሻጯን፣
«ኢ-ባጃጅ ነጂ» ብላት፣ ከነሳምቡሳው በጠበሰችኝ ነበር።

ቃሉን ስትፈታው ደግሞ፦ «ከልብ ያልተወለደ»።
ታዲያ ከየት ነው? ከጉበት? ወይስ ከጣሪያ ወረደ?

ሐሙስ ኢፍቱ መጣች፣ በፌስታል መዝገብ ይዛ፤
የአባቷ የአቶ ጣሂር፣ የምድር ባቡሩ ጸሐፊ፣
ሽፋኑ በእጁ ወዝ የወዛ።
አምድ በአምድ፣ በሰማያዊ ቀለም፦ «ገባ»። «ወጣ»። «ዘገየ»።
ስንት ፉርጎ፣ ስንት ጆንያ ሽንኩርት፣ ስንቱ መንገድ ላይ እንደተለየ።

«የቀኙ ነው» አልኳት፣ ገና ሦስት ገጽ ሳልገልጥ።
«መጨረሻውን እይ» አለች፣ «ሳታይ ዋጋ አትቁረጥ።»

መጨረሻው ሌላ ነው። ባቡሩ ከቆመ፣
ፍየል ሐዲዱ ላይ መተኛት ከለመደ፣ ስንት ክረምት ከረመ፤
አቶ ጣሂር ግን በየምሽቱ፣ ሽርጥ አገልድሞ፣ ደጃፉ ተቀምጦ፣
ሰዓቱን አይቶ ይጽፍ ነበር፣ መስመሩን በማስመሪያ ቆርጦ፦

«የጅቡቲው ገባ። ሁለት ሰዓት ከሃያ። ሃያ ደቂቃ ዘገየ።
ምክንያት፦ ግመል።»

ባቡር የለ።
ግመል የለ።
ውሸት ነው እንዳልል፣
ውሸታም በሰዓቱ ያስገባዋል፤ ማን ይይዘዋል?
እሱ ግን በሌለ ባቡር እንኳ
የዘገየውን «ዘገየ» ብሏል።

«የት ታደርገዋለህ?» አለች።
ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ ላቤን ጠረግኩ።
«ይቆይ» አልኳት፤
በሁለቱ ሳጥን መሃል፣ ነፋስ እንዳይገልጠው፣ ድንጋይ ጭኜ አስቀመጥኩ።

ሲመሽ፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ፣ እንደ ልማዴ ሂሳብ ጻፍኩ፦
የተሸጠ፣ ሁለት። አንድ የዶሮ፣ አንድ የፍቅር።
ያልተሸጠ፣ አንድ መዝገብ።
ምክንያት፦
ግመል።