ያላ

ሙሐረቅ ላይ አይሮፕላን ጣራ ታክኮ ያልፋል፤
መደርደሪያው ላይ ብርጭቆው ይለፈልፋል።
ስሜ ያለምዘውድ ነው፣ እናቴ ያወጣችው፤
እመቤቲቱ ግን ገና በር ላይ ቆረጠችው።
ምላሷ ቢደናቀፍ፣ ጅራቱን ሁሉ ጥላ፣
ያስቀረችልኝ ሁለት ፊደል ነው፦ «ያላ»።
በነሱ አፍ ደግሞ «ቶሎ በይ» ነው ትርጉሙ፤
ጥሪው ጥድፊያ ሆነ፣ ጥድፊያውም ስሙ።

ጃሲም ሰባት ሞልቶታል፤ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቋል፤
ያለ ተረት ካስተኙት ሌሊት ሦስቴ ይነቃል።
መብራት አጥፍቼ ጀመርኩ፣ በኔ ቋንቋ፣ በሹክሹክታ፣
ባሕር ሥር ስለሚኖር፣ ሰባት በር ስላለው ጌታ፤
የሰመጠን ሰው ስም ዕንቁ ውስጥ ቆልፎ፣
ደጁን ስለሚያስጠርግ በረድፍ አሰልፎ።

አንድ ልጅ ይሄዳል፣ ለማንም ሳይነግር፣
እህቱን ሊያወጣት፣ በሌሊት፣ በእግር።
(«ባሕር ሥር በእግር?» ብሎ አፋጠጠኝ፤
«ትንፋሹን ይዞ» አልኩት፤ ሌላ መልስ ጠፋኝ።)
አንደኛውን ዘበኛ በተምር ደለለ፣
ሁለተኛው ሲያባርረው በጓሮ ሾለለ፤
ሦስተኛው በር ላይ እኔው ራሴ ደክሞኝ
በአንድ ዓረፍተ ነገር ከፈትኩት፤ ጃሲም ታዘበኝ።

ብርዱ እንዲህ አለፈ። ቋንቋዬን ለመደው፤
«ዓሣ»ን፣ «ቁልፍ»ን፣ «ዝም በል»ን አንድ በአንድ ወሰደው።
አንድ ቀን ልብስ ሳጥፍ፣ «የእህቱስ ስም?» አለኝ፤
«ያለምዘውድ» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ።
ከዚያ ወዲያ ዝም። መጠየቅ አቆመ፤
የአባቱ ክፍል በር ላይ ቆመ፣ ደግሞ ቆመ።

ሐሙስ ሌሊት፣ እንግዳ ሸኝተን፣ ድስቱን ፈግፍጌ፣
ጋደም ባልኩበት፣ እግሬን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣
በሩ ሲጥ አለ። ጃሲም፣ የመዋኛ መነጽር አጥልቆ፣
ጉንጩን እንደ ኳስ ነፍቶ፣ ትንፋሹን አምቆ።
አይናገርም፤ አፍ ከተከፈተ ውሃ ይገባል፤
ከፒጃማው ሥር ቀይ ነገር መዞ ወደኔ ይዘረጋል።

ፓስፖርት።

ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ዓይኔን የከዳኝ! ገለጥኩት፤
ጥርሱ ሙሉ የሆነ ሌላ ጃሲም ነበር ያየሁት።
«የኔ ነው» አለ፣ ትንፋሹን ለቀቀ፤
«ያንቺ ብረት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ ቁጥር ጠየቀ።
ይሄን ሲያሳዩ ግን በሩ ሁሉ ይከፈታል፤
አይሮፕላኑ ጋ ‹ጃሲም ነኝ› በያቸው፤ ይበቃል።»

ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሰዓቱን አየሁ፤ ዘጠኝ።
ሲነጋ ቢፈለግ ሌባ የምባለው እኔ ነኝ፤
እሱም ይገረፋል። አስተኝቼው፣ መነጽሩን ፈትቼ፣
ደብተሩን ብብቴ ሥር ወሽቄ፣ በባዶ እግሬ ወጥቼ፣
የአያቱን ሳል፣ የድመቷን ዓይን፣ የምንጣፉን እጥፋት
አለፍኩ፤ መጨረሻ ላይ የአባትየውን ማንኮራፋት።
መሳቢያውን ክፍት ነው የተወው። ቦታው መለስኩት።
ከጎኑ የብረት ሣጥኑ፣ ቀይ መብራቱ ቦግ እልም ሲል፣ አየሁት።
ስሜ እዚያ ውስጥ ነው። ጆሮዬን አስጠጋሁ።
እንደ ዕንቁ ዝም ብሏል፤ ተመልሼ ወጣሁ።

ጠዋት ከፎቁ «ያላ!» ሲባል፣ ማንን እንደሆነ ሳይለይ፣
እሱ ቦርሳውን፣ እኔ መጥረጊያ ይዘን ተገናኘን ደረጃው ላይ።
አልተናገረም፤ ጉንጩን ነፍቷል፤ ትንፋሹን ይዟል ገና፤
በሁለት እጁ ስድስት ጣት አሳየኝ፤ አንዱ ቀርቷልና።