የመንቂያ ሰዓት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፤ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት፣
አቶ ወንድይራድ በራችን ላይ ቆመዋል በጠዋት፤
ካፖርታቸው የፋብሪካ፣ ከጡረታ የተረፈ፣
ኪሱ ላይ ስም የነበረ፣ ክሩ ግን የረገፈ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሱፍ ቀለም ሲያጠጡ
ቀዩን ከቡናማው በሽታ ነበር የሚመርጡ።

እጃቸውን ይዤ ደም ሥር ፈለግኩኝ፤
አንዱ ተንሸራተተ፣ ሌላው ተሸሸገኝ።
«አትቸኩይ» አሉ፣ «እኔም አልቸኮልኩኝ፤
ከሚስቴ ቀብር ወዲህ እጄን የያዘ የለኝ።»

ሦስት ብልቃጥ ሞላሁ፤ ክዳናቸው ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ።
«ያ ድባቴ ያላችሁት የቱ ጋ ነው?»
ነገርኳቸው፤ ጥናት ነው፤
በደም ውስጥ የተዳፈነ ብግነት፣ በምራቅ ውስጥ ያለ ኮርቲሶል፤
ስድሳ አምስት ያለፈው ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ሲቀመጥ፣
አፍ የደበቀውን ደም ይናገር እንደሁ ለማየት።

ሳቁ። «ሐሞቱ ፈሰሰ፣ አንጀቱ አረረ፣ ሆዱ ባባ እያሉ
የመንዝ አሮጊቶች ያለ መርፌ ያነብባሉ፤
ልኩን ግን አይጽፉም። የእኔን ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ፤
ሐዋሳ ያለው ልጄ ‹ምን ሆንክ?› ሲል ቁጥር ልንገረው፣ ወሬ ነው አይበለኝ።»

እኔም፦ እርስዎ ቀለሙን በሽታ፣ እኛ በሽታን በቀለም፤
ጠብታው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ሲሄድ እናነባለን እንጂ፣ ሌላ ጥበብ የለም።

ሰባት ትናንሽ ጠርሙስ ሰጠኋቸው፣ ለሳምንት።
መመሪያው አንድ መስመር ነው፤ «ሲነቁ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣
ምራቅዎን ይትፉበት፤ ሰዓቱን ይጻፉበት።»
በመሐረብ ቋጥረው በሬሳን ተሻገሩ።

ማክሰኞ ተመለሱ። ሰባቱም ሞልተዋል፤
ሰባቱም ላይ አንድ ሰዓት፣ «ከሌሊቱ ዘጠኝ»፣ ተጽፏል።
«ሁልጊዜ ዘጠኝ ላይ ነው የሚነቁት?»
                     «እኔ? አልነቃም።
ያልተኛ ሰው መቼ ይነቃል? ወረቀትሽ አይለውም።
ስድስት ላይ ሬዲዮው ያበቃል፤ ሰባት ላይ የጎረቤት ውሻ ይደክመዋል፤
ስምንት ላይ የደሴ መንገድ ጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማኛል፤
ዘጠኝ ላይ ግን፣ በቃ፣ እንቅልፍን እተወዋለሁ።
መንቂያ ስላጣሁ
የተውኩበትን ጻፍኩ።»

ለጥናቱ ሐኪም ደወልኩ። መልሱ አጭር፤
«የመንቂያ ሰዓቱ አልታወቀም፤ ምራቁ አይነበብም። ይሰረዙ።»
ሰባቱን ጠርሙስ ግን አልጣልኩም፤
ከፍሪጁ ጥግ፣ ከበረዶው ኋላ፣ እስካሁን አሉ፤
ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ወደ ስምንት ቁጥር፣ ወደ አእምሮ ሐኪሟ መላኪያ ወረቀት አወጣሁ፤
ከስማቸው ሥር «ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሰባት ሌሊት» ብዬ ጻፍኩ።
«ይኸው» አልኳቸው፣ «ለልጅዎ ይንገሩት፤ ቁጥር ነው።»

መነጽራቸውን አውጥተው አዩት፣ ቆዩበት።
«የልጄ ስልክ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ በዚያ ስንት ይሆናል?»
«ሦስት» አልኩ።
«አነሰ» አሉ። «ዘጠኝ ይሁን።»